ተቀመጡ የማይባልበት ቤት

ሃረገወይን ባሏን የለመነችው አንዲት ቃል ነበር። «ተቀመጡ» በላቸው። በቃ። ዶሮውን እኔ እሠራለሁ፣ ቤቱን እኔ አሰናዳለሁ፣ መሳቅ ካለበትም እኔ እስቅልሃለሁ፤ አንተ ሽማግሌዎቹ እሁድ ከቅዳሴ መልስ በበሩ ሲገቡ ከወንበርህ ብድግ ትልና «ተቀመጡ» ትላቸዋለህ። ሽማግሌ የልጅቷ አባት ተቀመጡ ሳይለው አይቀመጥም። ይህን የማያውቅ የለም፤ አንተም ታውቀዋለህ።

ዘርአይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አሰበ። እሷን የሚያበግናት ይሄ ማሰቡ ነው። አንድ ቃል ለመናገር ምን ማሰብ ያስፈልጋል?

«ሌላ ቃል ቢገኝ?» አላት በመጨረሻ።

«ምን ዓይነት ሌላ ቃል?»

«የማያዝ።»

ሃረገወይን የያዘችውን የሽንኩርት ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ባታስቀምጠው ኖሮ መወርወሯ አይቀርም ነበር።

እንግዲህ ሰውየውን ለማያውቅ ማስረዳት ያስፈልጋል። ዘርአይ ሰው አያዝም። አያዝም ሲባል እንደ ጨዋ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያዛል ማለት አይደለም፤ ጭራሽ አያዝም። «አምጪ»፣ «ውሰጂ»፣ «ዝጋ»፣ «ክፈት» የሚባሉ ቃላት ከአፉ ወጥተው አያውቁም። የቋንቋ መምህራን ትእዛዝ አንቀጽ የሚሉትን ነገር ከነዘር ማንዘሩ ከቤቱ አባሮታል። ጨው ሲያንስ «ጨው ቢኖር» ይላል። ነፋስ ሲገባ «በሩ ቢዘጋ» ይላል። በር ደግሞ ራሱን አይዘጋም። ሃረገወይን ተነሥታ ስትዘጋው «እኔ እኮ አላዘዝኩሽም» ይላታል፤ ልክ ነው፣ አላዘዛትም። ሰነፍ ነው እንዳይባል ሳህን ያጥባል፣ ልብሱን ይተኩሳል፣ ውሃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካኑን ሁሉ የሚሞላው እሱ ነው። ታዲያ አንድ ቀን የምድጃው ገመድ ከነሶኬቱ ሲነድ ሳሎን ድረስ ተራምዶ መጥቶ «አንድ ነገር እየተቃጠለ ነው መሰለኝ፤ ቆጣሪው ቢጠፋ ጥሩ ነው» ብሎ ነገራት። እሱ ለቆጣሪው ቅርብ አልነበረም፤ እሷ ነበረች። ሮጣ አጠፋችና «ጩህ እንጂ አንተ ሰው! ‹አጥፊ› በል እንጂ!» ብላ ስትጮህበት፣ «አየሽ፣ ማጥፋቱን ራስሽ መረጥሽ፤ ውበቱ እዚያ ላይ ነው» አላት። በዚያ ቀን በጥፊ ያላለችው እግዜር እጇን ስለያዘላት ብቻ ነው።

ድሮ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተምር ነበር። ስም አልጠራም፣ ማንንም አላስነሣም፣ ማንንም አላስቀምጥም ሲል ዲፓርትመንቱ ቻለው። ኋላ ላይ «ራስን መመዘን ይቻላል» ብሎ ተማሪዎቹ ውጤታቸውን ራሳቸው እንዲሞሉ ሲተውላቸው ግን ትዕግሥቱ አለቀ። ክፍሉ በሙሉ ኤ አገኘ፤ ለራሷ ሲ ከሰጠች ከአንዲት ልጅ በቀር። ዘርአይን ከሥራው መባረሩ አይቆጨውም፤ የዚያችን ልጅ ነገር ሲያወራ ግን እስከ ዛሬ ዓይኑ እንባ ያቀርራል።

ከዚያ ወዲህ ጸሐፊ ነው። «ያለ አዛዥ» የሚል ወፍራም መጽሐፍ አለው። ቅዳሜ ቅዳሜ አትላስ አካባቢ አንድ ጁስ ቤት ውስጥ ወጣቶች ይሰበሰቡለታል፤ «ይሰበሰቡለታል» ሲባል ይቆጣል፣ «እንሰባሰባለን» ነው የሚለው። ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። ሰብሳቢ የለም፣ ጋሼ የለም፣ አንቱታ የለም። «በሉ እንነሣ» የሚልም ስለሌለ አስተናጋጆቹ ወንበር መገልበጥ እስኪጀምሩ አይነሡም። ከልጆቹ አንዱ ንግግሩን በስልኩ ይቀርጽና ዩቲዩብ ላይ ይጭነዋል፤ ከሥሩ ሕዝቡ ተሰልፎ «ሥርዓት አልበኛ!» እያለ ይሰድበዋል። ዘርአይ አይከፋውም። «ልክ ናቸው፣ ሥርዓት አልበኛ ነኝ» ይላል። «አለቃ ከሌለ ሰው እርስ በርሱ ይበላላል የሚሉት ግን ውሸት ነው። ደቦን ማን አዘዘው? እድርን የትኛው መንግሥት ፈጠረው? ሰው ለቀባሪነት አዛዥ አላስፈለገውም።»

«እድርማ ዳኛ አለው» ትለዋለች ሃረገወይን። «በየጊዜው ስትቀር የሚቀጣህ ማን መሰለህ?»

የእሷ እንጀራ ደግሞ ትእዛዝ ነው። ጎሮ ላይ ፋርማሲ አላት፤ ከጠዋት እስከ ማታ «ከምግብ በኋላ ዋጥ»፣ «አንቀጥቅጠሽ ጠጪ»፣ «እንዳታቋርጡ» ስትል ትውላለች። ወረቀቱ ራሱ ስሙ ማዘዣ ነው። ዘርአይ በአንድ ወቅት «‹ቢዋጥ ይሻላል› ማለትም ይቻል ነበር» ብሏት ነበር። እስቲ የደም ግፊት ያለበት ሽማግሌ «ቢዋጥ ይሻላል» ተብሎ ይውጥ እንደሆነ ሞክረው አለችው።

ይህ ሁሉ ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ሃረገወይንም እስከ ዛሬ የቻለችው ምክንያቱን ስለምታውቅ ነው። በደርግ ጊዜ፣ ዘርአይ ገና ልጅ ሳለ፣ ከአባቱ ጋር ምሳ እየበላ ጠመንጃ የያዘ ሰው በሩ ላይ ቆመና አባቱን «ተነሥ» አላቸው። አባቱ አስተማሪ ነበሩ። ለምን አላሉም፣ የት አላሉም። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ተነሡ፤ በዚያው ቀሩ። ዘርአይን እንቅልፍ የነሳው ያ ሰው «ተነሥ» ማለቱ አልነበረም። የአባቱ መነሣት ነበር። አንድ ሰው በአንድ ቃል እንዴት ይነሣል? ቤቱ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉስ እንዴት ዝም ይላል?

ስለዚህ አንድ ልጅ ስትወለድለት፣ ዊንታ ስትወለድለት፣ ያስተማራት የመጀመሪያው ቁም ነገር «አልታዘዝም» የሚለው ቃል ነው። ልጅቷ አንደኛ ክፍል ገብታ መምህሯ «ጥግ ላይ ተንበርከኪ» ሲላት ቀጥ ብላ ቆማ «አልታዘዝም» አለች። ለወላጅ ስብሰባ ተጠርታ ወቀሳውን የጠጣችው ሃረገወይን ናት። ዘርአይ ግን ልጁን ኬክ ቤት ወሰዳት።

ያቺ ልጅ አሁን ጥርስ ሐኪም ናት፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ላይ ጎንበስ ብላ «ክፈት፣ ዝጋ፣ ትፋ» ትላለች። አባቷን ስታክም ብቻ ምንም አትልም፤ እሱ እንዳታዘው ብሎ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል አፉን ከፍቶ ይጠብቃታል። ዊንታ አዶኒያስ የሚባል ጨዋ ልጅ ወዳ፣ ልጁም ወዷት፣ የልጁ ቤተሰቦች ደግሞ ወግ አጥባቂ የሸዋ ሰዎች ሆነው ሽማግሌ ሊልኩ ቀን ቆረጡ። ሃረገወይን ልጇን እንደ ሰው ልጅ በወግ በማዕረግ ልትድር ነው። የሚያስፈልጋት ያቺ አንዲት ቃል ናት።

እሁድ መጡ። ሦስት ናቸው። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሊፍት የለውምና አራተኛ ፎቅ ድረስ በደረጃ ወጥተው ትንፋሻቸው ተቆራርጧል። የፊተኛው አቶ ወልደጻድቅ የልጁ አያት ወንድም ናቸው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከዘራ ይዘዋል። ከኋላቸው የቤተሰቡ የንስሐ አባት የሆኑት ቄስ፣ ከእሳቸው ኋላ ደግሞ አንድ ዝምተኛ ጎረቤት። ሰላምታው በደንብ አለፈ። ከዚያ ሦስቱም ሳሎኑ መካከል ቆሙና የሚባለውን ጠበቁ።

ሃረገወይን ከኩሽናው በር ጀርባ ሆና በክፍተቱ አጮለቀች።

ዘርአይ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወንበሮቹ እነዚህ ናቸው» አለ።

«አየናቸው» አሉ አቶ ወልደጻድቅ።

የድስቱ ክዳን ብቻ ይንጣጣል።

«መቀመጥም ይቻላል» አለ ዘርአይ። «መቆምም ይቻላል።»

ቄሱ አቶ ወልደጻድቅን አዩአቸው። አቶ ወልደጻድቅ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ዘርአይ እንግዶቹ ቆመው እሱ መቀመጡ እኩልነትን የሚጻረር ስለመሰለው እሱም ተነሥቶ ከፊታቸው ቆመ። አሁን አራት ትላልቅ ሰዎች አንድ ትንሽ ሳሎን ውስጥ ታክሲ እንደሚጠብቁ ሆነው ተፋጠዋል። ሃረገወይን ግንባሯን በኩሽናው በር ላይ ደገፈች። ለሠላሳ ዓመት ያላበደችው እብደት ለዚች ቀን ተቆጥቦላት ኖሯል።

«እንግዲህ ቆመንም ቢሆን» አሉ አቶ ወልደጻድቅ፣ «የመጣንበትን እንናገር። ልጅዎን ለልጃችን ብለን፣ እግዚአብሔርን አስቀድመን መጥተናል።»

«ልጅቷ የኔ አይደለችም» አለ ዘርአይ።

ቄሱ ደነገጡ። «የእርስዎ ካልሆነች…» ብለው ጀመሩና ዓይናቸው ሳያስቡት ወደ ኩሽናው ሄደ። «ታዲያ የማን ናት?»

ሃረገወይን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

«የራሷ ናት» አለ ዘርአይ። «የኔ ያልሆነውን እንዴት እሰጣለሁ? የመስጠት ሥልጣን የለኝም። ማንም በማንም ላይ ሥልጣን የለውም።»

አቶ ወልደጻድቅ ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ። «ገብቶናል» አሉ። «እንመለሳለን።» እንዳመጣጣቸው በደረጃው ወረዱ፤ የከዘራው ድምፅ እስከ ታች ድረስ ይሰማ ነበር። ዶሮው ሳይነካ ቀረ።

ሃረገወይን አለቀሰች። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ተሳደበች፣ ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ አደረገችው። «አንድ ቃል! የጥበቃው ሰውዬ እንኳን በቀን መቶ ጊዜ የሚላትን ቃል! የሰባ ዓመት ሽማግሌ በታመመ ጉልበቱ አቁመህ ‹መቆምም ይቻላል›? በሰው ፊት እኔን ምን አደረግከኝ? ቄሱ ምን ብለው እንዳዩኝ አይተሃል?»

«መቀመጥ ይችሉ ነበር እኮ» አለ ዘርአይ፤ ከልቡ ተጨንቋል። «ማን ከለከላቸው?»

ይህን ጊዜ ስልኳ ጮኸ። የልጁ እናት ወይዘሮ ገንዘቤ ናቸው። ሃረገወይን አንሥታ ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ወይዘሮ ገንዘቤ ቀደሟት።

«እሰይ የኔ እህት፣ ኮራንባችሁ! ጋሽ ወልደጻድቅ ከመጡ ጀምሮ ሌላ ወሬ የላቸውም። ‹እንዲህ ያለ አባት በዚህ ዘመን አለ ብዬ አላስብም ነበር› ይላሉ። ‹የዛሬ አባት በስልክ ውሰዷት ይላል፤ ይሄ ግን ሽማግሌ አቁሞ ያናግራል፣ ራሱም አይቀመጥም፣ ልጄ የራሷ ናት ብሎ ዋጋዋን ከፍ አድርጎ ይሰቅላል። እንዲህ ነው ሥርዓት ያለው ሰው!› አሉ። በሚቀጥለው እሁድ ይመለሳሉ። አደራ ቶሎ እሺ እንዳትሏቸው፣ ደስ ብሏቸዋል።»

ሃረገወይን ስልኩን ዘግታ ሶፋው ላይ ወደቀችና እስኪያማት ሳቀች። ለዘርአይ ስትነግረው ግን አልሳቀም። ፊቱ ጠቆረ።

«እኔን? ሥርዓት ያለው?»

«አዎ! እልል በል!»

«ስህተት ነው። መታረም አለበት።» በዚህ ዕድሜው እንዲህ ተሰድቦ አያውቅም። «ሃሳቤን ገልብጠው ነው የተረዱት። የድሮ ባላባት አድርገውኛል። በሚቀጥለው እሁድ አስረዳቸዋለሁ።»

«ዘርአይ፣ ዝም በል። ዝም አይነቅዝም። እግዜር ከሰማይ ያወረደልንን ስህተት በእጅህ አትንካብኝ!»

«በውሸት ላይ ልጄን ልዳር?»

«ልጅቷ ያንተ አይደለችም አላልክም?»

መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። ማሰብ ጀመረ።

ዊንታ ከሥራ መልስ ስትመጣ እናቷ ሁሉንም ነገረቻት። ልጅቷም በሳቅ ተንፈራፈረች፤ የእናቷ ልጅ ናት። ሃረገወይን ግን የዘርአይን ዓይን አይታለች፣ ሊያስረዳ ቆርጧል። «ወንድሜ ቂርቆስ ይምጣና በእሱ ቦታ ይቀበላቸው» አለች። «አጎት እንደ አባት ነው። ይመርቅሽና እንገላገል።»

የዊንታ ሳቅ ቆመ። «አባቴ እዚያ ቁጭ ብሎ ሌላ ሰው ሊመርቀኝ?» አለች። አባቷ ወደተቀመጠበት ሄዳ ከፊቱ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። «አባ፣ ሽማግሌዎቹን ተዋቸው። ተቀመጡ አትበላቸው። ይቁሙ፣ ጉልበታቸው ነው። እኔን ግን መርቀኝ።»

«ምርቃት እኮ ጓለይ…» አለ ዘርአይ፤ «ልጄ» የሚላት በትግርኛ ነው።

«ትእዛዝ ነው። አውቃለሁ። ‹ውለዱ፣ ክበዱ›። መጽሐፍህ ውስጥ አንብቤዋለሁ። ልጅ ሆኜ ሰላም ያልኩት ሰው ሁሉ ‹እደጊ› ብሎኛል። ባለሱቁ ብሎኛል። የማላውቃቸው አሮጊቶች ታክሲ ውስጥ ብለውኛል። እደጊ ብለኸኝ የማታውቀው አንተ ብቻ ነህ።»

ዘርአይ መነጽሩን ከግንባሩ አውርዶ በእጁ ያዘው። «አድገሻል እኮ» አላት። «ሳልልሽ አደግሽ።»

«አዎ» አለች ዊንታ። «ሳትለኝ።» ተነሣች። «ያለ አንተ ምርቃት ከዚህ ቤት አልወጣም። ለአዶኒያስም ነግሬዋለሁ። ትእዛዝ አይደለም፤ ነገርኩህ ብቻ።»

ያን ሳምንት ሃረገወይን ፋርማሲው ውስጥ ለሳል የመጣውን ሰው ሁሉ ስትቆጣ ከረመች። ቤት ስትገባ ዘርአይ በረንዳው ላይ ቆሞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ምርቃት እየተለማመደ ይሆን ብላ ጆሮዋን ስታቆም «…ሥልጣን ከሁለት ምንጭ ይመነጫል…» ይላል። ሊያስረዳ ነው። ተስፋ ቆርጣ ሽንኩርቷን መላጥ ጀመረች፤ ለሁለተኛው ዶሮ ነው እንግዲህ።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። አቶ ወልደጻድቅ ለክብር ብለው ከዘራቸውን ቤት ትተው መጥተዋል። ሦስቱም ገቡ፣ ሰላም አሉ፣ ወንበሮቹን እንዳላየ ሆነው መካከሉ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ። ዘርአይም ቆመ።

«ባለፈው ስለ እኔ የተሳሳተ ነገር ተረድታችኋል» ብሎ ጀመረ። ከኩሽና ሃረገወይን አሳለች። «እኔ ኩሩ ሰው አይደለሁም። በማንም ላይ ሥልጣን የለኝም።»

«ትሕትናዎ!» አሉ ቄሱ።

«ትሕትና አይደለም። አቋሜ ነው። እኔ እንዲያውም ሥርዓት አልበኛ ነኝ።»

አቶ ወልደጻድቅ ሳቁ። «ሥርዓት ያለው ሰው ራሱን የሚያወድስበት ጊዜ የለውም» አሉ። «ራስን ዝቅ ማድረግ ትልቅ ጸጋ ነው» አሉ ቄሱም። ዝምተኛው ጎረቤት እንኳን በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። ዘርአይ ባስረዳ ቁጥር ክብሩ እየጨመረ ሄደ። መጽሐፍ መጻፉን ነገራቸው፤ ሊቅ መሆኑን ድሮም ጠርጥረን ነበር አሉ። ከሥራ መባረሩን ነገራቸው፤ ለእውነት የቆመ ሁሉ ይባረራል አሉ። ሃረገወይን በሩ ኋላ ልትስቅ ወይስ ልትጮህ እንደሆነ ራሷም አላወቀችውም።

በመጨረሻ ዘርአይ ደከመው። «ጉዳዩ የኔም የእናንተም አይደለም» አለ። «ልጅቷ ብትጠየቅ።»

ዊንታ ወጣች። ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች።

«ትፈልጊዋለሽ?» አላት።

«እፈልገዋለሁ አባ።»

«እሰየው!» አሉ አቶ ወልደጻድቅ፤ አንድ እግራቸውን ቀስ ብለው አሳረፉ። «እንግዲህ አለቀ። አባት ይመርቁልን።»

ሁሉም መዳፉን ለአሜን ዘረጋ። ዘርአይ ልጁን አያት። ሃረገወይን ከበሩ ኋላ ወጥታ ማንኪያዋን እንደያዘች ቆመች፤ መደበቁን ረስታዋለች። ‹በል› አለችው በልቧ። ‹ለኔ አይደለም፣ ለሽማግሌዎቹም አይደለም፣ ለሷ በል።›

«አትሂጂ» አለ ዘርአይ።

ቄሱ እጃቸውን አወረዱ። አቶ ወልደጻድቅ ነገሩ እንደገና የተበላሸ መስሏቸው ወደ በሩ አዩ። ምን እንደሆነ የገባቸው እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። ካፍ ከወጣ አፋፍ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጨው እንኳን አምጪ ያላለ አፍ የመጀመሪያውን ትእዛዝ አወጣ። ሃረገወይን ያን ሁሉ ዘመን የተቆጣችው በሃሳቡ ነበር። አሁን ሳምንቱን ሙሉ በረንዳ ላይ ምን ሲያደርግ እንደከረመ ገባት፤ ሰውየው የሚያወራው ስለ ሥልጣን ነው እንጂ የፈራው ባዶ ቤት ነው።

«የምንኖረው ጎሮ እኮ ነው አባ» አለች ዊንታ፤ እንባዋ መጥቷል። «እማ በየቀኑ የምትሄድበት ጎሮ። አንድ ታክሲ ነው።»

«አትሂጂ» አላት ደግሞ፤ አሁን እንደ ልጅ።

ዊንታ ጉንጯን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ትከሻዋን ቀጥ አደረገች፤ ያኔ አንደኛ ክፍል ጥግ ላይ እንደዚያ ሳትቆም አልቀረችም።

«አልታዘዝም» አለችው።

ቄሱ አማተቡ። በሽማግሌ ፊት፣ ለገዛ አባቷ! ዘርአይ ግን ፊቱ ቀስ በቀስ ተፈታ። «ተነሥ» ተብሎ የተነሣ ሰው ልጅ ነው፤ ልጁ ግን አትሂጂ ሲላት እምቢ አለችው። አንዴ ሳቀ፣ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረ፣ ሁለት እጁን ጭንቅላቷ ላይ አደረገ።

«እደጊ» አላት። «እደጊ ጓለይ። እደጊ፣ ውለጂ፣ ክበጂ።»

«አሜን» አሉ ሽማግሌዎቹ፤ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባቸው፣ ግን ከልባቸው። ዊንታ ጉልበቱን ልትስም ዝቅ ስትል ዘርአይም አብሯት ዝቅ አለ፤ ሁለቱም ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ተቃቀፉ። ሃረገወይን አፍንጫዋን በመቀነቷ ጫፍ ጠረገች። ይሄን ለማለት ሃያ ስምንት ዓመት! ደግሞ ምርቃቱን ሲጀምረው ማቆም አቃተው፣ ከ«ክበጂ» አልፎ «ጥርስ ንቀዪ» ድረስ ሄዷል፤ ልጅቷ ሐኪም መሆኗን እያሰበ መሆን አለበት።

አባትና ልጅ ተነሥተው ቆሙ። ሽማግሌዎቹም እንደቆሙ ናቸው። የአቶ ወልደጻድቅ ጉልበት ሱሪያቸው ላይ እስኪታይ ይንቀጠቀጣል፤ ከዘራቸው ቤታቸው ነው። ዓይናቸው ወንበሩ ላይ ነው፤ ግን ሥርዓት ነውና ይጠብቃሉ። ዘርአይ እንደገና መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። «እንግዲህ» አለ፣ «ወንበሮቹ…»

«ተቀመጡ!» አለች ሃረገወይን።

ማንኪያው እጇ ላይ ነበር፤ ድምፁም ለግፊት መድኃኒት የምታወጣው ድምፅ ነበር። ቄሱ ተቀመጡ፣ ጎረቤቱ ተቀመጠ፣ አቶ ወልደጻድቅ እፎይ እያሉ ተቀመጡ። ከሁሉም ቀድሞ የተቀመጠው ግን ዘርአይ ነበር።